ሰላምታ አቅርቡልኝ፦ በመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ደብዳቤ ውስጥ የምንዘለው ክፍል

ወንድሞችና እህቶች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕሳችን ሰላምታ ነው። ስለ ሰላምታ ይህን ያህል ምን ይወራል የሚል ሰው ቢኖር አይገርመኝም። የሮሜ መልእክት ሲነበብ ምዕራፍ 8 ላይ ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል። ምዕራፍ 12 ላይም እንዲሁ። ምዕራፍ 16 ላይ ሲደረስ ግን አንባቢው ይፈጥናል። ስሞቹ ለምላስ አይመቹም። እነማን እንደነበሩም አናውቅም። ለእገሌ ሰላምታ አቅርቡልኝ፣ ለእገሊት ሰላምታ አቅርቡልኝ እያለ ይወርዳል። ብዙዎቻችን ቤታችን ስናነብ ዝርዝሩን አልፈን ወደሚቀጥለው መጽሐፍ እንሄዳለን።

እኔ ዛሬ የምለው ተቃራኒውን ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ምን ዓይነት ማኅበር እንደነበሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ትምህርቱን ባነበበበት ትኩረት ሰላምታውንም ማንበብ አለበት። ጳውሎስ ለቤተ ክርስቲያን ያስተማረው ነገር ሰዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ይህ የሚፈተነው ሰላምታው ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የዘመኑን ደብዳቤ ማወቅ ያስፈልጋል። በግብፅ ደረቅ አሸዋ ውስጥ በግሪክ ቋንቋ ፓፒረስ በሚባል ከደንገል በተሠራ ወረቀት ላይ የተጻፉ እጅግ ብዙ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። ግሬንፌልና ሀንት የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ከ1896 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኦክሲሪንከስ በምትባል ጥንታዊ ከተማ የቆሻሻ ክምር ሲቆፍሩ ያወጡት ብቻ ለብዙ ትውልድ ተመራማሪዎች ሥራ ሆኗል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የቤት ኪራይ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሠርግ ጥሪ፣ እናት ለልጇ የጻፈችው፣ ሁሉም እዚያ አለ። ሐዋርያት በኖሩበት ዓለም ተራ ሰው እንዴት ይጽፍ እንደነበር በዓይናችን የምናየው በእነዚህ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። አፒዮን የሚባል ግብፃዊ ወጣት ነው። ዘመኑ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን። ፋዩም ውስጥ ፊላደልፊያ ከምትባል መንደር ተነስቶ በሮም ባሕር ኃይል ተቀጥሯል። ጣሊያን እንደ ደረሰ ኔፕልስ አጠገብ ካለችው የሚሴኑም ወደብ ሆኖ ለአባቱ ለኤጲማኮስ ጻፈ። "አፒዮን ለአባቱና ለጌታው ለኤጲማኮስ፣ ብዙ ሰላምታ" ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ከሁሉ አስቀድሞ ለአባቱ ጤና እንደሚጸልይ ይናገራል። እህቱን፣ የእህቱን ልጅና ወንድሙንም ይጨምራል። ከዚያ ባሕር ላይ አደጋ ሲገጥመው ስላዳነው ሴራፒስ የተባለውን አምላክ ያመሰግናል። ለጉዞ ወጪ ከቄሣር ሦስት የወርቅ ሳንቲም እንደተሰጠው ይነግረዋል። ምስሉን አስሎ እንደላከ ይጠቅሳል። መጨረሻ ላይ ለካፒቶን፣ ለወንድሞቹ፣ ለሴሬኒላና ለጓደኞቹ ሰላምታ ይልካል። አዲስ የሮማውያን ስምም እንደወጣለት፣ ከእንግዲህ አንቶኒዮስ ማክሲሞስ እንደሚባል ያስታውቃል። ሌሎች ያገሩ ልጆችም "የእኔንም ሰላምታ ጻፍልኝ" ብለውታል መሰለኝ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ሌላ ሰላምታ ተጨናንቆ ተጽፏል።

የኛን አገር የድሮ ደብዳቤ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይደነቃል። "ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" የሚለው፣ መጨረሻ ላይ የሰፈሩን ሰው በሙሉ እየጠሩ ሰላም በሉልኝ ማለት፣ ይኸው ነው። ፖስታ ቤት አልነበረም። የሮም መንግሥት መልእክተኞች ነበሩት፣ ግን ለመንግሥት ሥራ ብቻ ነበሩ። ተራው ሰው መንገደኛ ሲገኝ ነው የሚልከው። ስለዚህ አንድ ደብዳቤ ሲነሳ የመንደሩን ሁሉ ሰላምታ ተሸክሞ ነው የሚነሳው።

የክርስቲያኖቹ ደብዳቤም ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። ከሰማይ የወረደ አዲስ አጻጻፍ አልነበረም። ያዕቆብ መልእክቱን የከፈተው ማንኛውም ግሪክ ጸሐፊ በሚጠቀምበት ተራ የሰላምታ ቃል ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ከኢየሩሳሌም የተላከው ደብዳቤም፣ ምዕራፍ 23 ላይ ሻለቃው ሉስዮስ ለገዢው ለፊልክስ የጻፈውም በዚሁ ቃል ይጀምራሉ። ሐዋርያትና የሮም ወታደር በአንድ ዓይነት አከፋፈት ይጽፉ ነበር ማለት ነው።

ጳውሎስ ግን በዚያ ቃል ፋንታ "ጸጋና ሰላም ለእናንተ ይሁን" አለ። ጸጋ የሚለው የግሪክ ቃል ከተለመደው የሰላምታ ቃል ጋር በድምፅ ይቀራረባል፣ ሰላም ደግሞ አይሁድ የሚሰጣጡት ሰላምታ ነው። ብዙ ሰባኪዎች ይህን ይወዱታል፣ እኔም አልጠላውም። ለእኔ የበለጠ ክብደት ያለው ግን የሚቀጥለው ሐረግ ነው፦ "ከእግዚአብሔር ከአባታችን ከጌታም ከኢየሱስ ክርስቶስ።" አፒዮን ሰላምታውን የላከው ከራሱ ነው። ጳውሎስ ግን ሰላምታውን የሚያቀብል ሰው ሆኖ ነው የሚጽፈው። ለዚህም ነው ሰላምታው በጉባኤ ፊት ሲነበብ እንደ ቡራኬ የሚሰማው። ደብዳቤዎቹ ደግሞ በእርግጥ በጉባኤ ይነበቡ ነበር። ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ቀዳሚ ነው በሚባለው፣ በ50 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በተጻፈው የመጀመሪያው የተሰሎንቄ መልእክት፣ ደብዳቤው ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ በጌታ ስም ያምላቸዋል።

ከሰላምታው ቀጥሎ ምስጋና ይመጣል፣ ልክ እንደ አፒዮን። "ስለ እናንተ አምላኬን አመሰግናለሁ" ይላል። በክፍፍል፣ በክስና በዝሙት ወሬ ለሚታመሱት ለቆሮንቶስ ሰዎች እንኳ አመስግኗል። አንድ ቦታ ግን የለም። ገላትያ ላይ። "ለገላትያ አብያተ ክርስቲያናት" ብሎ ጸጋና ሰላም ተመኝቶ ሲያበቃ ሁሉም ሰው ምስጋናውን ይጠብቃል። የመጣው ግን "እደነቃለሁ" የሚል ነው፦ እንዲህ ፈጥናችሁ ወደ ሌላ ወንጌል መዞራችሁ ያስደንቀኛል። ለዚያ ዘመን ጆሮ ይህ ጥፊ ነው። በስም የተጠራ አንድም ሰው በመጨረሻው ሰላምታ ውስጥ የለም። "ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ስንኳ አያድክመኝ" ብሎ ሊዘጋ ይመስላል። ከዚያ ከአሜን በፊት የመጨረሻዋ ቃል "ወንድሞች ሆይ" የምትል ናት። ቁጣው ጠንካራ ነው፣ ዝምድናውን ግን አልቆረጠም። ይህን ሁሉ የሚነግረን ሰላምታው ነው፣ ያለበትና የሌለበት ቦታ።

አሁን ወደ ሮሜ 16 እንሂድ። ጊዜዬን በሙሉ እዚህ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ጳውሎስ ይህን ደብዳቤ የጻፈው በ57 አካባቢ ቆሮንቶስ ሆኖ ነው። ሮምን ገና አላያትም። ሆኖም 24 ሰዎችን በስማቸው ጠርቶ ሰላምታ ይልካል። አርስጦቡሎስና ናርኪሶስ የሚባሉ ሁለት ባለቤቶችም ስማቸው ይነሳል፣ ሰላምታው ግን ለእነሱ ሳይሆን በቤታቸው ላሉት ነው፣ ምናልባትም ለባሮቻቸው። የሩፎስ እናትና የኔርዮስ እህት ደግሞ ስማቸው ባይጠራም አልተረሱም። ያላያትን ከተማ ሰዎች እንዴት በዚህ መጠን አወቀ ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። ምዕራፉ መጀመሪያ ለኤፌሶን የተጻፈ ሊሆን ይችላል ያሉም አሉ። 200 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በተጻፈ አንድ የፓፒረስ ቅጂ ላይ የመልእክቱ መዝጊያ ምስጋና ከምዕራፍ 15 በኋላ ስለተቀመጠ ለሐሳባቸው ድጋፍ አድርገውታል። ዛሬ ብዙዎቹ ምዕራፉ የሮሜ መልእክት ነው ይላሉ። እኔም ይህ ያሳምነኛል። ሰው ወደማያውቀው ማኅበር ሲሄድ እዚያ የሚያውቁትን ሰዎች ስም ይጠራል። "እነ እገሌን ጠይቁ፣ ያውቁኛል" እንደማለት ነው።

ግን ከዚህም ያለፈ ነገር አለ። ምዕራፍ 14ን አስታውሱ። አንዱ ሁሉን ይበላል፣ ሌላው አትክልት ብቻ ይበላል። አንዱ ቀን ከቀን ይለያል፣ ሌላው ቀን ሁሉ አንድ ነው ይላል። ቀላውዴዎስ ቄሣር በ49 አካባቢ አይሁድን ከሮም አስወጥቶ ነበር። ጵርስቅላና አቂላም በዚያ ምክንያት ቆሮንቶስ እንደመጡ የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። ንጉሡ በ54 ሲሞት ሰዎቹ ተመለሱ። ተመልሰው ያገኙት ቤተ ክርስቲያን ትተውት የሄዱት እንዳልነበረ ብዙ ተመራማሪዎች ያስባሉ። ከአሕዛብ የመጡት አማኞች በዝተዋል፣ ማዕዱም ልማዱም ተለውጧል። በዚህ ላይ ጳውሎስ "እርስ በርሳችሁ ተቀባበሉ" ይላል።

የሮም ክርስቲያኖች ደግሞ አንድ አዳራሽ አልነበራቸውም። በሰላምታው ውስጥ በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ያለች ቤተ ክርስቲያን አለች። በእነ አሲንክሪጦስ ዙሪያ ያሉ ወንድሞች አሉ። ከፊሎሎጎስና ከዩልያ ጋር ያሉ ቅዱሳን አሉ። ሁለቱን የጌቶች ቤት ስንጨምር ቢያንስ አምስት የተለያየ ስብስብ ይወጣል። ጳውሎስም ደብዳቤውን ሲከፍት "በሮሜ ላላችሁ ሁሉ" አለ እንጂ "በሮሜ ላለችው ቤተ ክርስቲያን" አላለም።

አሁን የሰላምታውን አቀራረብ ተመልከቱ። "እኔ ጳውሎስ ለእገሌ ሰላም እላለሁ" አይደለም የሚለው። "እናንተ ለእገሌ ሰላምታ አቅርቡልኝ" ነው። ትእዛዝ ነው፣ ለብዙ ሰው የተሰጠ ትእዛዝ፣ 16 ጊዜ የተደጋገመ። እስቲ ሲነበብ አስቡት። ምናልባት ሥጋ በማይበላ ቤት ተሰብስበዋል። አንባቢው ቆሞ ያነባል። ለዚያኛው ቤት ሰዎች ሰላምታ አቅርቡ ይላቸዋል። እነዚያ ደግሞ ሥጋ የሚበሉት ናቸው እንበል። ሰላምታውን ለማድረስ መሄድ አለባቸው። በር ማንኳኳት አለባቸው። ጳውሎስ ሰላም ሊላቸው የፈለጋቸውን ሰዎች ሰላም የሚሉለት የእነሱ ተቀናቃኞች ናቸው ማለት ነው። "ተቀባበሉ" የሚለው ትምህርት በአንድ ምዕራፍ ልዩነት ሥራ ሆኖ መጣ። በእኔ እምነት የሮሜ መልእክት መደምደሚያ እዚህ ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ ይህን ነው የምንዘለው።

ስሞቹም ተራ ዝርዝር አይደሉም። አብዛኞቹ አጠገባቸው አንድ ቃል አለ። ጵርስቅላና አቂላ "ስለ ነፍሴ ነፍሳቸውን ለሞት አቀረቡ"። ኤጤኔጦስ ከእስያ ለክርስቶስ የመጀመሪያው ፍሬ ነው። አምጵልያጦስ በጌታ የተወደደ ነው፤ ይህ ስም ለባሮች በብዛት ይሰጥ የነበረ ስም ነው። ማርያም፣ ጢሮፊና፣ ጢሮፎሳና ጠርሲዳ በጌታ ደከሙ ተብሎላቸዋል። ልብ በሉ፣ ደከሙ የሚለው ቃል ጳውሎስ ለራሱ የወንጌል አገልግሎት የሚጠቀምበት ቃል ነው፣ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ግን ለአራት ሴቶች ብቻ ነው የሰጠው። ከአንድሮኒቆስ ጋር ስሟ የተጠራው ዩንያ በሐዋርያት መካከል ስመ ጥር ተብላለች። አንዳንድ በኋላ የመጡ ተርጓሚዎች ስሟን የወንድ ስም አድርገውት ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅ ግን በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሴት መሆኗን ሳይጠራጠር ሐዋርያ ለመባል መብቃቷን አድንቋል። ስለ እሷ ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልጋል፣ አሁን አልፋለሁ።

የሩፎስን እናት ግን አላልፍም። "እናቱንና እናቴን" ይላታል። ይህች ሴት የት እንዳገኘችው፣ ታሞ ይሁን ታስሮ፣ ምን አብልታው እንደነበር አልጻፈም። መጻፍም አላስፈለገውም። እሷ ታውቃለች። ይህን የሚያነብላት ሰው ፊት ግን፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት፣ ሐዋርያው ልጅሽ ነኝ አላት። ስሟን እንኳ አናውቅም። ከዚህ በላይ ክብር ያለው ሰላምታ እኔ አላነበብኩም።

ከዚያ በቁጥር 22 ላይ ያልተጠበቀ ድምፅ ይገባል፦ "ይህን መልእክት የጻፍሁ እኔ ጤርጥዮስ በጌታ ሰላምታ አቀርብላችኋለሁ።" ጳውሎስ እየተናገረ ሲጽፍ የነበረው ጸሐፊ ነው። ጸሐፊ በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ባሪያ ወይም ደሞዝተኛ ነበር። ሥራው የጌታውን ቃል ማስፈር ነው። እዚህ ግን ብዕሩን የያዘው ሰው እኔም አለሁ አለ፣ ጳውሎስም ተወው። ከእሱ ቀጥሎ የከተማው መጋቢ ኤርስጦስ ሰላምታ ይልካል፣ ትልቅ ባለሥልጣን ነው። ከኤርስጦስ ጎን ደግሞ ቁአርጦስ የሚባል አለ። ማዕረግ የለውም፣ "ወንድማችን" ተብሎ ብቻ ተጠራ። ጤርጥዮስ በሮማይስጥ ሦስተኛ፣ ቁአርጦስ አራተኛ ማለት ነው። በቁጥር የሚጠራ ሰውና የከተማ መጋቢ በአንድ መስመር ላይ ሰላም ሲሉ፣ ሮም ውስጥ ይህን የሚሰማ ባሪያ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም።

ጳውሎስ አንዳንድ ጊዜ ብዕሩን ራሱ ይቀበላል። "ይህን ሰላምታ እኔ ጳውሎስ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ" ይላል። ይህም የዘመኑ ልማድ ነው። በፓፒረሶቹ ላይ ደብዳቤው በጸሐፊ እጅ ተጽፎ መጨረሻ ላይ ሌላ የእጅ ጽሕፈት ሲመጣ በግልጽ ይታያል። ዛሬ ፊርማ የምንለው ያን ጊዜ ሰላምታ ነበር። ቆላስይስ ላይ በገዛ እጁ ሰላምታውን ከጻፈ በኋላ የጨመራት "እስራቴን አስቡ" የምትል ናት።

ፊልሞና ላይ ደግሞ ሰላምታው የጉዳዩን መልክ ይለውጠዋል። ነገሩ የግል ነው፦ የአንድ ጌታና የባሪያው የአናሲሞስ ጉዳይ። የደብዳቤው አድራሻ ግን ፊልሞና ብቻ አይደለም። አፍብያ አለች፣ አርክጳ አለ፣ "በቤትህም ላለች ቤተ ክርስቲያን" ይላል። መጨረሻ ላይ ኤጳፍራ፣ ማርቆስ፣ አርስጥሮኮስ፣ ዴማስና ሉቃስ ሰላም ይሉታል። ፊልሞና ውሳኔውን ጓዳ ገብቶ ብቻውን ሊወስን አይችልም። ደብዳቤው ሲነበብ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ሩቅ ያሉትም አምስት ሰዎች ጉዳዩን ያውቃሉ። ማረፊያም አዘጋጅልኝ ይለዋል፣ ልመጣ ነው። ጳውሎስ አላዘዘውም፣ በሰው ፊት ግን አቆመው።

የብዙዎቹ ሰላምታዎች መጨረሻ "በተቀደሰ አሳሳም እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ" የሚለው ነው። አራት የጳውሎስ ደብዳቤዎች ላይ አለ፣ የመጀመሪያው የጴጥሮስ መልእክትም በፍቅር መሳም ይለዋል። በዚያ ማኅበረሰብ መሳሳም በዋናነት የቤተሰብና የቅርብ ሰው ነገር ነው። ባሪያ ከጌታ፣ አይሁዳዊ ከግሪካዊ ጋር በዚህ መልክ አይገናኝም። ስለዚህ ደብዳቤው ተነብቦ ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ የነበረው ሰላምታ በአካል ይፈጸማል ማለት ነው። በ150 አካባቢ ሮም ውስጥ የጻፈው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ ክርስቲያኖች ከጸሎት በኋላና ከቁርባን በፊት በመሳም ሰላምታ እንደሚሰጣጡ ይናገራል። ከሃምሳ ዓመት ያህል በኋላ የእስክንድርያው ቀለሜንጦስ መሳሙ ቤተ ክርስቲያኑን ቢሞላም ፍቅሩ ውስጣቸው የሌለ ሰዎች እንዳሉ ይወቅሳል። በካርታጎ ያለው ተርቱልያኖስ ደግሞ አረማዊ ባል ሚስቱ ከወንድሞች ጋር ሰላምታ እንድትለዋወጥ ይፈቅድላታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ችግሮቹ ገና ከጥዋቱ ነበሩ። ቆይቶም ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር እንዲሆን ሥርዓት ወጣ።

ይህ ልማድ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት" ሲል የሚጠራው ይህንኑ የጳውሎስን ቃል ነው። ምእመናን ወደ አጠገባቸው ሰው ጎንበስ ይላሉ። ብዙ ሰው የአክብሮት ልማድ ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። ለሮም፣ ለቆሮንቶስና ለተሰሎንቄ በተላከ ደብዳቤ ላይ የተጻፈ ትእዛዝ እየፈጸመ መሆኑን ቢያውቅ ከጎኑ የቆመውን ሰው ትንሽ ቆም ብሎ ያየው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከሐዋርያት በኋላስ? የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሥር ወታደሮች ታጅቦ ሊሞት ወደ ሮም ይወሰድ ነበር። ወታደሮቹን ነብሮች ይላቸዋል። በመንገድ ላይ ሰባት ደብዳቤ ጻፈ። ለሰምርኔስ ሰዎች ሲጽፍ የወንድሞችን ቤተሰብ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ሰላም ይላል። ከዚያ አልቄ ለምትባል ሴት ሰላምታ ይልካል፣ "ለእኔ የተወደደ ስም" ብሎ። ለሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ ለጶሊቃርጶስ በጻፈውም ይህችኑ ሴት በዚያው ቃል ይጠራታል። ከዓመታት በኋላ ጶሊቃርጶስ ራሱ ሲገደል የሞቱ ታሪክ ተጻፈ። አስከሬኑ ለክርስቲያኖች እንዳይሰጥ የለመነው ኒቄጦስ የሚባል ሰው ነበር፦ ጶሊቃርጶስን ያስያዘው ሹም የሄሮድስ አባት። ጸሐፊው ይህን ሰው ለአንባቢ ሲያስተዋውቅ "የአልቄ ወንድም" ይለዋል። አንድ ሴት ናት የሚሉት ብዙ ናቸው። እንደዚያ ከሆነ ወንድሟና የወንድሟ ልጅ በአሳዳጆቹ ወገን ነበሩ፣ እሷ ግን በማኅበሩ ዘንድ ስሟ በፍቅር የሚጠራ ነበረች። ሁለት የሰላምታ መስመር ባይኖር ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር።

ተራው ክርስቲያን እንዴት እንደጻፈም ናሙና አለን። ባዝል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ ፓፒረስ አለ፣ በቅርብ በተደረገ ጥናት በ230ዎቹ እንደተጻፈ ተደርሶበታል። ቦታው ፋዩም፣ ቴአደልፊያ መንደር ነው። አርሪያኖስ ለወንድሙ ለጳውሎስ ይጽፋል። ሜኒቢዮስ ወደ አንተ ስለሚመጣ ሰላም ልልህ አሰብኩ ይለዋል፣ መንገደኛ ተገኘ ማለት ነው። ስለ ሹመትና ስለ መሬት ግዢ ያነሳል። ጥሩ ነው የምትለውን የዓሣ ስጎ ላክልኝ ይለዋል። እናታችን ደህና ናት፣ አንተንና ልጆቹን ሰላም ትላለች ይላል። እስከዚህ ድረስ አፒዮን የጻፈው ነው ቢባል የሚጠራጠር የለም። መዝጊያው ላይ ግን "በጌታ ደህና ሁን ብዬ እጸልያለሁ" ይላል፤ ጌታ የሚለውንም ቃል ክርስቲያን ጸሐፊዎች በሚያሳጥሩት መንገድ አሳጥሮ ጽፎታል። በደብዳቤው ውስጥ ክርስቲያን መሆኑን የሚናገረው ይህ ብቻ ነው፣ የወንድሙም ስም ጳውሎስ መሆኑ። የዓሣ ስጎ የሚልክ ወንድምና በጌታ የሚሰነበት ወንድም አንድ ሰው ነው። ስለ ጥንታዊ ክርስቲያኖች ስናስብ ሁሉም ሰማዕት ወይም መነኩሴ ለሚመስለን ይህ ደብዳቤ ጥሩ መድኃኒት ነው።

ሰላምታ ይህን ያህል ክብደት ካለው መከልከሉም ይከብዳል። ሁለተኛው የዮሐንስ መልእክት ሌላ ትምህርት ይዞ ለሚመጣ ሰው ቤታችሁን አትክፈቱ፣ ሰላምም አትበሉት ይላል፤ ሰላም የሚለው በክፉ ሥራው ይካፈላልና። ለዘመናችን ጆሮ ጨካኝ ይመስላል፣ እኔም ሳነበው ይከብደኛል። ግን በዚያ ማኅበር ሰላም ማለት ከቤት ማሳደርና ከማዕድ ማቅረብ ጋር አንድ ነበር። ሦስተኛው የዮሐንስ መልእክት ደግሞ የነገሩን ሌላ ጎን ያሳያል። ዲዮጥራጢስ የሚባል ሰው ወንድሞችን አይቀበልም፣ ሊቀበሉ የሚወዱትንም ይከለክላል፣ ከቤተ ክርስቲያንም ያወጣቸዋል። ያው መከልከል በሥልጣን ወዳድ እጅ ሲገባ ይህን ይመስላል። ራሱን ሽማግሌው ብሎ የሚጠራው ጸሐፊ ግን አንዲት ትንሽ ወረቀት የምታህለዋን ደብዳቤውን የዘጋው "ወዳጆችን በየስማቸው እየጠራህ ሰላምታ አቅርብልኝ" ብሎ ነው።

በመጨረሻ አንድ ደብዳቤ ወደ እኛ አገር መጥቷል። በ356 ወይም 357 አካባቢ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንትዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈ። ጉዳዩ ፍሬምናጦስ ነው፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው። ፍሬምናጦስን የሾመው የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ነበር፣ ንጉሡ ደግሞ አትናቴዎስን ከእስክንድርያ አባሮ በምትኩ አርዮሳዊውን ጊዮርጊስን አስቀምጧል። ስለዚህ ፍሬምናጦስን ቶሎ ወደ ግብፅ ላኩት፣ በጊዮርጊስና በሌሎቹ ጳጳሳት ፊት ቀርቦ ይመርመር ይላል። አትናቴዎስ ክፉ ሰው ነው፣ አገራችሁንም እንዳያበላሽ ብሎ ያስጠነቅቃል። መዝጊያው "እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ፣ እጅግ የተከበራችሁ ወንድሞች" የሚል ነው።

ቃሉ ጳውሎስ ገላትያን የዘጋበት ቃል ነው፦ ወንድሞች። እዚህ ግን አንድ ንጉሥ ሌላውን የሚያከብርበት የቤተ መንግሥት ቋንቋ ሆኗል፣ በዚያውም ማስፈራሪያ ማለስለሻ። የደብዳቤውን ቅጂ ያቆየልን የተከሰሰው አትናቴዎስ ራሱ ነው፣ ለንጉሡ ባቀረበው መከላከያ ውስጥ አስገብቶት። በዚያ ደብዳቤ ለፍሬምናጦስ የተላከ ሰላምታ የለም። ስሙ የተነሳው ሊመረመር የሚገባው ሰው ተብሎ ነው።